ዝምታ ስምምነት ነውን? የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አዋጅና የፈራኢድ ትምህርታችንን ከአሶሳ ሆኖ መመርመር

ባሳለፍነው ዓመት፣ ከረመዷን ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ስንወጣ፣ አሶሳ ከተማ ውስጥ በምናስተምርበት መስጂድ በረንዳ ላይ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ሁለት ወረቀቶች ይዘው ጠበቁን። አንደኛው የገጠር መሬት የይዞታ ደብተር ነው። ሁለተኛው በአንድ የመንደር ኡስታዝ እጅ የተጻፈ የፈራኢድ ስሌት ነበር፤ ከራስጌው በስመላ፣ ዝቅ ብሎ የወራሾች ዝርዝር፣ ከግርጌው ድርሻቸው በቁጥር። ስሌቱን መላልሰን አየነው። ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ለአንዲት ሴት ልጅ ግማሽ፣ ቀሪው ሦስት ስምንተኛ ለሟች ወንድም ይላል። አንድም ስህተት አላገኘንበትም። እኚያ እናትም የመጡት ስሌቱን ሊያስመረምሩ አልነበረም። «ይህ ሲጻፍ እኔ ጓዳ ነበርኩ። የጠየቀኝ የለም። አሁን ግን ‹ተስማምታለች› ይባላል። ዝም ማለቴ መስማማት ነው ወይ?» አሉን።

ጥያቄያቸው የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልታየንም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን እንመረምራለን። አንደኛው የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚመሩበት ሕግ ስለ ስምምነት ያለው አነጋገር ነው። ሁለተኛው እኛው ራሳችን በየሐለቃችን ፈራኢድን የምናስተምርበት መንገድ ነው። የመጀመሪያውን ለመተቸት ድፍረት አይጠይቅም፤ ሁለተኛው የገዛ ወንበራችንን ስለሚነካ ይከብዳል። ቢሆንም ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ማድላቱ አይቀርም፤ ብዙው ጥፋት የሚፈጸመው ጉዳዩ ከቃዲ ፊት ከመድረሱ በፊት ነውና።

የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በሀገራችን የሕግ ዕውቅና ያገኙት በቅርቡ አይደለም። በ1934 ዓ.ም. የወጣውና በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 62 የተተካው ሕግ የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶች ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብን፣ የአካለ መጠን ያላደረሱ ልጆች ሞግዚትነትን፣ ወቅፍን፣ ስጦታን፣ ውርስንና ኑዛዜን እንዲዳኙ ፈቅዶ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ እነርሱ ምንም ሳይናገር አለፈ፤ ቃዲዎቹ ግን ሥራቸውን አላቋረጡም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ሕግ ክርክሮች በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕጎች ሊዳኙ እንደሚችሉ ደነገገ። በአንቀጽ 78 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤቶች እንዲህ ያሉ ፍርድ ቤቶችን ማቋቋም ወይም ዕውቅና መስጠት እንደሚችሉ ገለጸ። አዋጅ ቁጥር 188/1992 የፌዴራሉን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በሦስት እርከን፣ በመጀመሪያ ደረጃ፣ በከፍተኛና በጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ያደራጀው በዚሁ መሠረት ነው። በክልሎች ያሉት ፍርድ ቤቶች ሥልጣናቸውን የሚያገኙት ከየምክር ቤቶቻቸው ሕግ ቢሆንም፣ ስለ ስምምነት ክርክር ሲነሣ በአሶሳም ሆነ በሌላው አካባቢ ሰው የሚጠቅሰው የፌዴራሉን አዋጅ ስለሆነ እርሱን እንመርምር።

የአዋጁ አንቀጽ 4 የፍርድ ቤቱን ሥልጣን ከዘረዘረ በኋላ፣ ይህ ሥልጣን የሚሠራው ተከራካሪዎቹ በኢስላማዊ ሕግ ለመዳኘት በግልጽ ሲስማሙ ብቻ መሆኑን ይናገራል። እስከዚህ ድረስ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አንድ ቃል ነው። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ግን መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ በፍርድ ቤቱ ሥልጣን እንደተስማማ እንደሚቆጠርና ክርክሩም እርሱ በሌለበት እንደሚታይ ይደነግጋል። ከሳሽ ክስ ካቀረበ፣ ተከሳሽም ከተስማማ በኋላ ደግሞ ጉዳዩን ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ማዞር አይቻልም። እንግዲህ በአንዱ አንቀጽ «በግልጽ» የተባለው ስምምነት በሚቀጥለው አንቀጽ በመቅረት ብቻ ተገኘ ማለት ነው። ሕግ አውጪው ተከሳሽ እየተደበቀ ፍርድ እንዳያጓትት አስቦ ይሆናል፤ ይህ ሥጋት መሠረት አለው። ነገር ግን ክስን ማየትና ዳኛን መምረጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከመደበኛ ፍርድ ቤት የቀረ ሰው የመከራከር ዕድሉን ያጣል፤ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት የቀረ ሰው ግን የሚዳኝበትን ሕግ ጭምር ሳይመርጥ ተመረጠለት።

እኛን ይበልጥ የሚያስገርመን ይህ ድንጋጌ የሸሪዓ ፍርድ ቤትን ያግዛል ተብሎ በሙስሊሙ ዘንድ መወደዱ ነው። ፊቅሃችን በዝምታ ላይ የቆየ ደንብ አለው። ከኢማም ሻፊዒ ተወርሶ የሁሉም መዝሀብ ሰዎች የሚያውቁት፣ የዑስማንያው መጀላም በ67ኛው አንቀጹ ያሰፈረው ይህ ደንብ ዝም ላለ ሰው ቃል እንዳይለጠፍበት ይከለክላል። እርግጥ ነው፣ ደንቡ ሁለተኛ ክንፍ አለው፤ መናገር ግድ በሚሆንበት ቦታ ዝም ማለት እንደ መናገር ይቆጠራል። ለኒካሕ ፈቃዷ የምትጠየቅ ልጃገረድ ዝምታ ለዚህ የታወቀው ምሳሌ ነው። ሆኖም ይህን ምሳሌ የሚጠቅሱ ብዙዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ፤ ልጃገረዷ ተጠይቃ ነው ዝም ያለችው። ያልተጠየቀ ሰው ዝምታ በየትኛውም ኪታብ ፈቃድ ተብሎ አላገኘነውም። በሌለ ሰው ላይ ስለሚሰጥ ፍርድም መዝሀቦቹ አንድ አይደሉም። ሐነፊዮች በመሠረቱ አይፈቅዱትም፤ ሻፊዒዮችና ማሊኪዮች ከመሐላ ጋር ይፈቅዳሉ። የፈቀዱትም የሌለው ሰው ሕግ መርጧል ለማለት ሳይሆን የከሳሹ ሐቅ እንዳይጠፋ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሰጠው ውሳኔ በዚህ ላይ ሊነበብ ይገባዋል። አመልካቿ ሙስሊም ሴት ናቸው። በውርስ ክርክር ተከስሰው በአዲስ አበባ ከመጀመሪያ ደረጃው የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ፣ በዚያ ለመዳኘት እንደማይፈቅዱ ገና ከጅምሩ አስታወቁ። ተቃውሟቸው ግን ሳይሰማ ቀረ፤ ጉዳዩም በየእርከኑ አልፎ እስከ ሰበር ሰሚው ችሎት ደረሰ፤ ሁሉም አጸኑት። በመጨረሻ የሕገ መንግሥት ትርጉም ተጠይቆ ምክር ቤቱ ፈቃድ ያልተሰጠበት ዳኝነት ከአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ጋር ስለሚጋጭ ውሳኔዎቹን ሻረ። ያኔ አንዳንድ ወንድሞች ይህን በሸሪዓ ላይ የተሰነዘረ አድርገው ሲያዝኑ ሰምተናል። እኛ ግን ተቃራኒው ይታየናል። እኚያ ሴት «አልፈቅድም» እያሉ ሥልጣኑን በግድ መያዝ ለቃዲ ክብር የሚጨምረው ነገር የለም። ይልቅ ውሳኔው ሳይነካው ያለፈው ጥያቄ ይበልጣል፤ «አልፈቅድም» ማለት እንደሚቻል የማያውቁትስ? በአዲስ አበባ ጠበቃ ያላት ሴት የተናገረችውን በመንጌ ወይም በሸርቆሌ ያለች ባሏ የሞተባት ሴት ከየት ትሰማዋለች?

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን እንመለስ።

ውርስ በእስልምና የግድ የሆነ ሽግግር ነው። ሟች እስትንፋሱ ሲቋረጥ ድርሻው በወራሹ እጅ ነው፤ መቀበል አይጠይቅም፤ በዝምታም አይለቀቅም። ሱረቱ ኒሳእ በ11ኛው፣ በ12ኛውና በ176ኛው አንቀጾቿ የዘረዘረችው ድርሻ ከአላህ የተደነገገ መሆኑን ደረሳዎቻችን ከልጅነት ጀምሮ ያውቁታል። እህት ለወንድሟ ልትተው የምትፈልግ ከሆነ መንገዱ ስጦታ ነው ወይም ተኻሩጅ ነው፤ ሁለቱም ድርሻዋ ስንት እንደሆነ ማወቋን፣ ለአካለ መጠን መድረሷንና መውደዷን ይጠይቃሉ። እኛ ግን በየለቅሶ ቤቱ የምናየው ሌላ ነው። በአርባ ቀን ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወንዶቹ ተሰብስበው ይነጋገራሉ፤ እህቶች ሻይ ያቀርባሉ፤ ድርሻን ማንሣት የወንድምን ፊት ማጥቆር ሆኖ ስለሚታይ ዝም ይባላል። ከዚያ በኋላ ኢማሙ ዱዓ ያደርጋል፤ ዱዓውም ማኅተም ይሆናል። ብዙዎቻችን በዚህ ዱዓ ላይ እጃችንን አንሥተናል።

የፈራኢድ አንቀጾች የወረዱበትን አጋጣሚ ማስታወስ ይበቃል። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) በኡሑድ ከተገደሉ በኋላ ባለቤታቸው ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጡና የልጆቹ አጎት ሀብቱን በሙሉ መውሰዱን አመለከቱ። አንቀጹ ሲወርድ ነቢዩ አጎቱን አስጠርተው ለሁለቱ ልጆች ሁለት ሦስተኛውን፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛውን እንዲሰጥ፣ ቀሪውን እንዲይዝ አዘዙት። ከ24 ቢሰላ ለልጆቹ 16፣ ለእናት 3፣ ለአጎት 5 ነው። ይህን ሐዲስ የምናስተምረው ለስሌቱ ነው። ከስሌቱ በፊት ግን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በጉባኤ ፊት ቆማ ተናግራ ነበር። እርሷ ባትናገር ኖሮ አጎቱ ምን ባደረገ ብለን ደረሳዎቻችንን ጠይቀን አናውቅም።

አሁን ወደ እኚያ እናት ስሌት እንመለስና ትንሽ እንቆይበት፤ ትምህርታችን የጎደለው እዚህ ላይ ነውና። ለምሳሌ ያህል በትዳር ዘመን የተፈራ 800,000 ብር የሚያወጣ ሀብት አለ እንበል፤ ዕዳ የለም፤ ኑዛዜም የለም። ኡስታዙ እንደጻፈው ሀብቱ በሙሉ የሟቹ ከሆነ ሚስት 100,000፣ ልጅ 400,000፣ ወንድም 300,000 ያገኛሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉና በጋራ ሀብት ሥርዓት ቢታይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሚስት ያለ ኑዛዜ በሚደረግ ውርስ ወራሽ አይደለችም፤ ነገር ግን የጋራውን ሀብት ግማሽ በቅድሚያ ትወስዳለች፤ ስለዚህ 400,000 የእርሷ ነው። ቀሪውን 400,000 ልጅ ብቻዋን ትወርሳለች፤ ልጅ ባለበት ወንድም አይደርሰውም። ሦስተኛ መንገድ አለ። ሚስት በላቧ ያፈራችው በቅድሚያ ተለይቶ ግማሹ የእርሷ መሆኑ ቢረጋገጥና የሟቹ ግማሽ ብቻ በሸሪዓ ቢከፈል፣ ሚስት 400,000 እና የ400,000 ስምንተኛ የሆነውን 50,000፣ በድምሩ 450,000 ታገኛለች፤ ልጅ 200,000፣ ወንድም 150,000 ይደርሳቸዋል። ሁለቱ ሕጎች የሚለያዩት «ለወንድ የሁለት ሴቶች ድርሻ» በሚለው ብቻ ነው ብለው የሚከራከሩ በሁለቱም ወገን ያሉ ሰዎች ይህን ሠንጠረዥ ሠርተው አያውቁም። በእኚያ እናት ቤት ወንድ ልጅ የለም፤ ክርክሩ ያለው ሀብቱ የማን ነበር በሚለው ላይ ነው።

ይህ ሦስተኛው መንገድ ከፊቅህ ውጭ የመጣ አይደለም። ፊቅህ የባልና የሚስትን ሀብት አይደባልቅም፤ ለሁለቱም የየራሳቸውን ይሰጣል። ሚስት በባሏ ማሳ ወይም ሱቅ ከሠራች ድካሟ ወይ ሽርክና ነው ወይ ደመወዝ ያለው ሥራ ነው ወይ ልግስና ነው፤ ልግስና ነው የሚል ማስረዳት አለበት። በሞሮኮ የጉማራ ተራሮች ሴቶች ከባሎቻቸው እኩል ሲያጭዱና ሲወቁ የተመለከተው በ992 ዓመተ ሂጅራ የሞተው የማሊኪው ፈቂህ አሕመድ ኢብኑ ዐርዱን ከምርቱ ድርሻ እንዳላቸው ፈርዷል። በሱስ አካባቢ «አል-ከድ ወስ-ሲዓያ»፣ ማለትም የድካምና የጥረት ሐቅ፣ ተብሎ የጸናው ልማድ የዚሁ ዘር ነው። የ2004 (እ.ኤ.አ.) የሞሮኮ የቤተሰብ ሕግም በ49ኛው አንቀጹ፣ ባልና ሚስት የጽሑፍ ውል ከሌላቸው የእያንዳንዳቸው ሥራና ጥረት እንዲመዘን ደንግጓል።

ይህን ርቆ ሄዶ መፈለግ ለእኛ አያስፈልገንም ነበር። በቤንሻንጉል ወንዞች ዳር ወርቅ የሚያጥቡት በአብዛኛው እነማን እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። ከነጋ እስከ ቀትር ውሃ ውስጥ ቆማ ድንጋይና አሸዋ የምታበጥር የበርታ ሴት ያገኘችው ወርቅ የማንም ሳይሆን የራሷ ነው። በዚያ ወርቅ ቆርቆሮ ተገዝቶ ቤት ሲሠራ፣ በሬ ሲገዛ፣ ባል ሲሞት ግን ሁሉም «የሟች ንብረት» ተብሎ ከአንድ ዝርዝር ይገባል። ኡስታዛችን የተሳሳተው ይህን ላይ ነው፤ ክፍፍሉ ትክክል ነው፤ የሚከፈለው ግን የሟቹ ብቻ መሆኑን አላጣራም። በየኪታባችን መግቢያ የቀብር ወጪ፣ ዕዳ፣ ኑዛዜ፣ ከዚያም ውርስ ተብሎ ቅደም ተከተሉ ተጽፏል። ያልተከፈለ መህር ዕዳ ነው፤ የሚስት ወርቅ ደግሞ ዕዳ እንኳ አይደለም፤ ከተሪካው ውስጥ ጭራሽ አልገባም።

በአሶሳ ሌላም ነገር ይጨመራል። የዚህ ሀገር ሰው ከሱዳን ጋር በነበረው የቆየ ግንኙነት የተነሣ ዒባዳውን በማሊኪ መንገድ ለምዷል፤ የሱዳን ፍርድ ቤቶች ግን ከቱርክና ግብጽ ዘመን ጀምሮ በሐነፊ ይፈርዱ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ ሰፋሪዎች ሲመጡ ከእነርሱ ጋር የመጡት መሻይኾች የራሳቸውን ኪታብ ይዘው መጡ። ስለዚህ በአንድ ከተማ ሦስት መዝሀብ ይነበባል። የፈራኢድ መነሻችን የሆነው ረሕቢያ ደግሞ በሻፊዒው ሊቅ በረሕቢ የተዘጋጀ ነው፤ ረሕቢ በ577 ሂጅራ ነው የሞቱት። ደራሲው የዘይድ ኢብኑ ሳቢትን (ረ.ዐ.) መንገድ ተከተሉ እንጂ ስለ ረድ፣ ማለትም ከባለ ድርሻዎች ተርፎ ወደ ራሳቸው ስለሚመለሰው ቀሪ፣ አልጻፉም። ሟች አንዲት ልጅ ብቻ ቢተው ግማሹን ትወስዳለች፤ ቀሪው ግማሽስ? የጥንቶቹ ማሊኪዮችና ሻፊዒዮች ለበይተል ማል ይሉ ነበር። በይተል ማል በሌለበት ሀገር የኋለኞቹ የሁለቱም መዝሀብ ሊቃውንት ከሐነፊዮች ጋር ተስማምተው ወደ ልጅቷ እንዲመለስ ፈርደዋል። ረሕቢያን ብቻ ተምሮ የወጣ ደረሳ ግን ይህን ስለማያውቅ «ዐሰባ ፈልጉ» ብሎ ሦስት ትውልድ ርቆ የሚገኝ የአጎት ዘር ሲያስፈልግ አይተናል። ዐሰባ ካለ በእርግጥ ሐቁ ነው። ከሌለ ግን የሰውን ዘር መቆፈር ፈራኢድ አይደለም።

አሁን ከባዱ ነገር መጣ። ወንድ ለምን ይበልጣል ተብለን ስንጠየቅ ሁላችንም «ቀለብ በእርሱ ላይ ስለሆነ» እንላለን። ለልጅና ለልጅ መልሱ ይሠራል። በእኚያ እናት ቤት ግን 300,000 ብር የወሰደው አጎት የወንድሙን ልጅ የመቀለብ ግዴታ አለበትን? በሐነፊ መዝሀብ ችሎታ ያለው ማሕረም ዘመድ ይቀልባል፤ በሐንበሊ ወራሽ የሆነ ይቀልባል፤ ሁለቱም የሚደገፉት በሱረቱል በቀራ 233ኛው አንቀጽ ውስጥ በወራሹም ላይ ያንኑ ግዴታ ባስቀመጠው ቃል ነው። በሻፊዒና በማሊኪ ግን የዘመድ ቀለብ ወላጅና ልጅ ጋ ይቆማል፤ በሻፊዒ ወደ ላይ ወደ አያት፣ ወደ ታችም ወደ ልጅ ልጅ ይዘልቃል፤ አጎት በሁለቱም የለበትም። እንግዲህ በውርሱ በማሊኪ ፈርደን፣ በምክንያቱ ግን በሐነፊ እየሰበክን መሆኑን ልናውቅ ይገባል። አጎቱ ሦስት ስምንተኛውን ከወሰደ በኋላ ለቀለብ ቢከሰስ «መዝሀቤ አያዘኝም» ቢል ምን እንመልስለታለን? በሕጉም በኩል ቀዳዳ አለ፤ ስምምነት የሚጠየቀው በየክሱ ስለሆነ ለውርሱ የሸሪዓን ፍርድ ቤት የፈለገ አጎት በቀለቡ ክስ ላይ ቀርቦ «አልስማማም» ማለት ይችላል። ይህን ነጥብ በየመድረኩ ስናነሣ የሚገጥመን መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ሙስሊም እንዲህ አያደርግም» የሚል ነው። ሲያደርጉ አይተናል።

ስለ የቲሞች ፈቃድ ጥቂት እንጨምር። የሟች ልጅ ለአካለ መጠን ካልደረሰች በእርሷ ስም ማን ይስማማል? በመንደሩ ልማድ አጎቱ ነው። በአራቱም መዝሀቦች ግን አጎት በየቲም ገንዘብ ላይ በራሱ ሥልጣን የለውም፤ ሥልጣኑ የአባት፣ አባት የወከለው የወሲይ፣ በአንዳንዶቹ የአያት፣ ከዚያም የቃዲ ነው። በቤተሰብ ሕጋችንም አባት ከሞተ ሞግዚቷ እናቷ ናት። እንግዲህ ከልጅቷ ጋር የሚካፈለው ሰው ራሱ በልጅቷ ስም «ተስማምታለች» ብሎ ከፈረመ፣ ፊርማው በሸሪዓም በሕግም ዋጋ የለውም። አባታቸው ከአያታቸው በፊት ስለሞተባቸውና አጎት ስለሚከለክላቸው የልጅ ልጆችም ትምህርታችን ዝም ይላል። ግብጽ በ1946 (እ.ኤ.አ.) በሕግ ቁጥር 71 ለእነዚህ ልጆች እስከ ሲሶ የሚደርስ ግዴታ ኑዛዜ ደንግጋለች። እኛ ሕግ ማውጣት አንችልም፤ ነገር ግን የሸመገለ አያት በሕይወቱ እስከ ሲሶ እንዲናዘዝላቸው በኹጥባ ማሳሰብ የሚከለክለን የለም።

ስለ መሬቱ አጭር ነገር እንበል። የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አርሶ አደሩ ያለው የመጠቀም መብት ነው። የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ ከሆነ ደብተሩ በሁለቱም ስም መዘጋጀት እንዳለበት በአዋጅ ቁጥር 456/1997 ሰፍሮ ነበር፤ የሟች መብትም ወደ ቤተሰቡ አባላት፣ ማለትም ከእርሱ ጋር ኖረው ኑሮውን ወደተጋሩት፣ እንዲተላለፍ የዚያ ሕግ መንፈስ ነበር። ሌላ ቀበሌ የሚኖር ወንድም በፈራኢድ ወረቀት ሦስት ስምንተኛውን ማሳ ቢወስድ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ላይመዘግብለት ይችላል። ኡስታዙ ደብተሩን አላየውም። እኛ ስናየው የእኚያ እናት ስምና ፎቶግራፍ ከባለቤታቸው ጎን ነበር።

የደመወዝተኛው ተሪካ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያመጣል፤ ዛሬ በአሶሳ መምህሩ፣ ነርሱ፣ ሾፌሩ፣ የማዕድን ሠራተኛው ብዙ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝና የዓመት ፈቃድ ክፍያ ሟቹ በሕይወት ሳለ ያገኘው ሐቅ ስለሆነ ተሪካ ነው፤ ለወራሾች በድርሻቸው ይከፈላል። የተተኪ ጡረታ ግን ሟቹ በእጁ ይዞት አያውቅም፤ ፈንዱ ከሞቱ በኋላ ለተወሰኑ ሰዎች የሚሰጠው ነው። በጡረታ አዋጆቻችን ለባል ወይም ለሚስት የአበሉ 50 ከመቶ፣ ለልጅ 20 ከመቶ ይታሰባል፤ ይህን ሰብስቦ በስምንተኛና በግማሽ መልሶ መክፈል በእኛ አስተያየት ስህተት ነው። የሥራ ስንብት ክፍያው ያከራክራል፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሲሞት ለጥገኞቹ እንዲከፈል ያዛል፤ ከአገልግሎቱ የመነጨ መሆኑን የሚያዩ ሰዎች ግን ወደ ተሪካ ያስጠጉታል። ለጥገኞቹ ይሁን የሚለውን እናመዝናለን፤ ሌላ የሚያይ ማስረጃውን ያምጣ።

የሥራ ጉዳይ ከተነሣ ዒዳን መዝለል አይቻልም። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ትቆያለች። ያው አዋጅ ለትዳር ጓደኛ ሞት የሚፈቅደው ሦስት የሥራ ቀን ብቻ ነው። «ከቤት አትውጪ» ብለን የምንመክራት ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያት ቀረች ተብላ ያለ ማስጠንቀቂያ ልትሰናበት ትችላለች። ፊቅሁ ግን ከምክራችን ይሰፋል፤ ብዙዎቹ ሊቃውንት ለፍላጎቷ ቀን ቀን ወጥታ ማታ ወደ ቤቷ እንድትመለስ ፈቅደዋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የተፈታችውን የጃቢርን (ረ.ዐ.) አክስት በዒዳዋ ውስጥ የተምር ዛፎቿን ወጥታ እንድትለቅም ፈቅደውላታል። አንዲት ነርስ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ልጆቿን የምታሳድግበትን ደመወዝ በእኛ ጥንቃቄ ምክንያት ብታጣ፣ ጥንቃቄያችን ለማን እንደሆነ አይገባንም። የጁሙዓ ዕረፍት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መርዘሙን በማመስገን የምናጠፋውን ጊዜ ግማሹን እንኳ ለዚህ ጥያቄ ሰጥተነው አናውቅም።

እኚያን እናት ምን እንዳልናቸው መናገር ይገባናል። ዝምታቸው ስምምነት እንዳልሆነ፣ መህራቸው ካልተከፈለ ዕዳ እንደሆነ፣ ወርቃቸውና ድካማቸው ከተሪካው በፊት እንዲለይ መጠየቅ እንደሚችሉ፣ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት የሚፈልጉ ከሆነም ከመስማማታቸው በፊት ምን እንደሚስማሙ በበርታኛ ተብራርቶላቸው እንዲፈርሙ ነገርናቸው። «በሸሪዓ መዳኘት እፈልጋለሁ፤ ግን ተጠይቄ» አሉን። በሚቀጥለው ሳምንት ከጁሙዓ በኋላ የባለቤታቸው ወንድም መጡ። ቅን ሰው ናቸው። «ልጅቷን የማሳድገው እኔ አይደለሁ? ለምን እንደ ባዳ እቆጠራለሁ?» አሉ። የሚያሳድጉ ከሆነ ይህንኑ በጽሑፍ ግዴታ አድርገው ከድርሻቸው ጋር በአንድ ወረቀት እንዲያሰፍሩት ጠየቅናቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት፤ ከዚያም ከቤተሰብ ጋር ልመካከር ብለው ሄዱ። ጉዳዩ አሁን ከቃዲው ዘንድ ቀጠሮ ይጠብቃል።